የዓብዲ ማቀዝቀዣ ሂሳብ

የማቀዝቀዣ ጠጋኙ ታጁ ከድንበር ማዶ ጅግጅጋ ያር በሚባል ሰፈር፣ ከዓብዲ ሱቅ ጓሮ፣ ክዳኑ ከተከፈተ ማቀዝቀዣ ሥር ሞቶ ተገኘ። ኤሌክትሪክ ይዞት ነበር። በማግስቱ ኢንስፔክተር ናይማ የጥገና ድርጅቱ ቢሮ ስትደርስ ባለቤቱ ሮብሌ ሪፖርቱን ጽፎ ጠበቃት። ሟቹ ኃይሉን ሳያጠፋ በመሥራቱ በራሱ ቸልተኝነት ሞተ ይላል። ይህ ከጸደቀ ካሳ የለም። ሚስቱ ሀሲና ሁለት ልጆቿን ይዛ ዳሚ ሰፈር ካለው ኪራይ ቤት መውጣቷ ነው።

ናይማ ድሬዳዋ ስላደገች ኢትዮጵያውያኑን ሠራተኞች በአማርኛ ታናግራቸዋለች። በሳምንቱ ይህ የምትመረምረው ሦስተኛ አስከሬን ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከታጁ ጋር ተሰማርቶ የነበረው ቴክኒሻን ፍሥሐ ብዙ አላወራም። እንደ እሱ አባባል ሥራው እስከ እኩለ ቀን አላለቀም፤ ፊውዝ ሊገዛ ወጣ፤ ሲመለስ ታጁ ወድቆ ነበር። ማብሪያው ሱቁ ውስጥ ስለሆነ ከጓሮ አይታይም።

«ቸልተኛ ነበር?»

«ኧረ ጥንቁቅ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ግን ሰው ይደክመዋል።»

አስከሬኑን ከፍሥሐ ቀድሞ ያገኘው የሱቁ ባለቤት ሽማግሌው ዓብዲ ነው። ሱቁን ለጠጋኞቹ ትቶ ሰላት ሄደ፤ ሲመለስ ማብሪያው በርቶ ነበር። ናይማ ሱቁ ድረስ ሄዳ ስለ ክፍያው ጠየቀችው። ስልኩን አውጥቶ አሳያት፤ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማንያ ዶላር ልኳል።

«ሥራው ሳያልቅ?»

«እኔ? ውሃው መብረዱን በእጄ ሳልነካ ለአማቼም አልከፍል። በርዶ ነው የከፈልኩት።»

ይህን ለምን እስካሁን እንዳልተናገረ ስትጠይቀው፣ የጠየቀው እንደሌለ ነገራት። የሚከፍልበትን የስልክ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት የጻፈለት ረጅሙ ልጅ ነው፤ ረጅሙ ፍሥሐ ነበር።

ቢሮ ተመልሳ ኢንቮይስ የምታዘጋጀውን እፀገነትን አነጋገረች። ቴክኒሻኖቹ ሥራው ማለቁን ሲደውሉ ኢንቮይስ ይላካል፤ ደንበኛው የሚከፍልበት የድርጅቱ ስልክ ቁጥር እሱ ላይ ታትሟል። ለዓብዲ ግን የተላከ አልነበረም። እፀገነት ቀና ሳትል ታጁ ከስድስት ሰዓት በፊት ደውሎላት እንደነበር ተናገረች።

«ምን አለሽ?»

«‹እፁ፣ የዓብዲ ብር ገባ?› አለኝ። ኢንቮይስም አልቆረጥኩ አልኩት። ወዲያው ዘጋው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሀሲናም ከለቅሶው ተነስታ መጣች።

«ዓብዲ ካልበረደ አይከፍልም፤ አምስት ተኩል ላይ ከፍሏል» አለች ናይማ። «ስለዚህ ሥራው አልቆ ነበር። ላለቀ ሥራ ደግሞ ፊውዝ አይገዛም። ፍሥሐ ለዓብዲ የጻፈለት ቁጥር የድርጅቱ ሳይሆን የራሱ ነው፤ ታጁ ቢሮ ደውሎ ብሩ አለመግባቱን አረጋግጧል። ከዚያ በኋላ ዓብዲ ሰላት ላይ ነው፤ እዚያ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የሚሠራ ማሽን እንደገና ለምን ተከፈተ፣ ፍሥሐ?»

ፍሥሐ አመነ።

«ማታ ለሮብሌ እነግራለሁ አለኝ። የመጀመሪያዬ አልነበረም፤ የብዙ ደንበኞችን ብር እንዲህ ወስጃለሁ። ማሽኑ ድምፅ አለው አልኩት። ራሱ ሄዶ አጠፋና ሊያየው ከፈተ። እኔ ሱቁ ገብቼ አበራሁት።»

ናይማ የጠራቻቸው ፖሊሶች ወሰዱት። ሮብሌ ሪፖርቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ካሳውን ሙሉውን እንደሚከፍል ለሀሲና ነገራት።

«እሱን ነገ እንነጋገራለን» አለችው። «ልጆቹ ከትናንት ጀምሮ አባታችሁ ኃይሉን ሳያጠፋ ነካ ሲባሉ ነው የዋሉት። መጀመሪያ አባታቸው ማብሪያውን አጥፍቶ እንደነበር ልንገራቸው።»