ፈረሱ ያልጣለው

ፀጋውንና ፀደይን ያስተዋወቃቸው ክራንች ነው። በ2008 ዓ.ም. ከዳንግላ ወደ ቆሰበር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የፀጋው ክራንች እግሯ ላይ ወደቀባት።

«ይቅርታ እህቴ፣ አሳመመሽ?»

«ትንሽ። አንተ ግን እግርህን ምን ሆነህ ነው?»

«በልጅነቴ ከፈረስ ወድቄ» አለ እንደለመደው።

እናቱ ወይዘሮ እናትነሽ ያስጠኑት መልስ ነው። ለአገው ፈረሰኛ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም፤ እሳቸው ግን ከበሽታው ስም ውርደቱን መረጡ። «በዘሩ ካንሰር አለ ከተባለ ማን ይድርልሃል?» ይሉታል።

ከዚያ ወዲያ ዘንገና ሐይቅ ዳር መገናኘት ለመዱ። ፀደይ ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። አንድ ቅዳሜ ስለ ጥናቷ ጠየቃት።

«የልጆች የአጥንት ካንሰር ነው። ሴል ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉ በጣም ትንንሽ ነገሮች አሉ። ጂኖቹን ‹በቃችሁ› የሚሏቸው እነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ሲጠፉ፣ ሌሎቹ ከልክ በላይ ሲበዙ ሴሉ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይሆናል።»

ዞር ብላ ስታየው የፀጋው ዓይኖች እንባ አቅርረዋል።

«ፀዲ፣ እኔ ከፈረስ ወድቄ አላውቅም። ጉልበቴ ቢያብጥ ወለምታ ነው ተብሎ ወጌሻ ሲያሸኝ ከረመ። በኋላ አዲስ አበባ ወስደው፣ ይኸው ካንሰር ነው ብለው እግሬን ቆረጡት። በዘር ይተላለፋል?»

«አብዛኛውን ጊዜ አይተላለፍም። አይመለስብህም ብዬ ግን ልምልልህ አልችልም» አለችና እጁን ያዘች። «እኔ እንደሁ ወድጄሃለሁ። ምስጢሩ ያንተ ነው፤ ሲሆንልህ ራስህ ትናገረዋለህ።»

ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹም ወይዘሮ እናትነሽ ያሏቸውን ደገሙ። የፀደይ አባት አቶ አዝመራው በፈረሰኞች ማኅበር የተከበሩ ሰው ናቸው። «ከፈረስ ለሚወድቅ ልጄን አልድርም» ብለው መለሷቸው።

በማግስቱ ፀጋው ፈረሱን ጫነ። እናቱ «እውነቱን ካወጣህ ጨርሰህ አጣሃት» እያሉ እስከ በር ተከተሉት። እሱ ግን ሄዶ አቶ አዝመራው ፊት ሁሉንም ተናገረ፤ እብጠቱን፣ ወጌሻውን፣ የበሽታውን ስም። ፀደይ ጓዳ በር ላይ ቆማ ትሰማለች።

አባቷ ወደ ጓዳው በር ዞሩ።

«ፀደይ፣ ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ አባባ። አውቄ ነው የወደድኩት።»

አቶ አዝመራው ደጅ የታሰረውን ፈረስ አሻግረው አዩ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ፈረሱን ስታሙት ኖራችሁ?»

ፀደይ ሳቋ አመለጣት። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሽማግሌዎቹን እሁድ መልሰህ ላካቸው» አሉት። «አሁን እውነቱን ይዘው ይምጡ።»