ቅዳሴው እስኪያልቅ

ከደብረ ታቦር ወጥቶ ወደ ጉና ተራራ በሚወስደው መንገድ፣ ገብስ እንጂ ጤፍ በማይበቅልበት ብርዳም ሰፈር፣ የመምሬ ይርጋ ቤት ነበረ። ጣልያን አገሩን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበርና በየደጁ ሰው ጎድሏል። በመምሬ ቤት ግን ገና ሦስት ነፍስ ነበረ፤ መምሬ፣ ባለቤታቸው ፈንታነሽ፣ ባሏ በረሃ ወርዶ የሞተባት አንድያ ልጃቸው ዘነበች። መምሬ ለምንም ነገር የወንጌል ቃል አያጡም። ላሚቱ ብትነጥፍ ቃል አለ፤ ጎረቤት በድንበር ቢጣላ ቃል አለ፤ ወጡ አልጫ ከሆነም "የምድር ጨው ናችሁ ተብሎ የለም ወይ?" ብለው ፈንታነሽን ይወቅሷታል። እሷም "ጨውስ ከሩቅያ ሱቅ ነው ያለው፤ ውረዱና አምጡ" ትላቸዋለች። ዘነበች ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ታፍናለች። ያ ሳቅ! ያ ቤት ያንን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው መቼ እንደሆነ ማን ልብ ብሎ ያዘው?

በግንቦት ጣልያኖች "ሽፍታ ታናዝዛለህ" ብለው መምሬን ከምሽጋቸው ወስደው አሰሯቸው። በዚያ ሰሞን ከዚያ ምሽግ በእግሩ የወጣ እስረኛ አልነበረም። በሃያ አንደኛው ቀን ግን በሩ ተከፈተና "ውጣ!" ተባሉ። ማን እንዳስፈታቸው አልጠየቁም። ምን ብለው ይጠይቃሉ? ጴጥሮስን ከወህኒ ያወጣ መልአክ ይርጋን ማውጣት ያቅተዋል? በማግስቱ እሁድ ስለ መልአኩ ሲያስተምሩ ሕዝቡ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ፈንታነሽም አለቀሰች... እሷ ግን መልአኩን በስሙ ታውቀው ነበር።

መልአኩ ዘነበች ነበረች። አባቷ ከሚሰቀሉ ብላ፣ በአስተርጓሚ በኩል ከምሽጉ ካፒቴን ጋር ተዋዋለች። አባቷ ይፈታሉ፤ እሷ ከካፒቴኑ ቤት ገብታ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ ሌላም ሌላም። ስትሄድ እናቷን በሚካኤል ስም አስማለቻት። "እማዬ፣ አባዬ 'እግዚአብሔር አስፈታኝ' ይበል። በእኔ ገላ መፈታቱን ቢያውቅ ተመልሶ ይገባል። እንዳትነግሪው!" ፈንታነሽም ማለች፤ መምሬ ተፈትተው "ዘነበችስ?" ሲሉም "ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች" አለቻቸው። እናት እንዲህ ያለውን ማላ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳት!

ወሬው ግን ክንፍ አለው። "የመምሬ ልጅ ለጠላት አልጋ አነጠፈች" ሲባል መምሬ ሰሙ። መስቀላቸውን ከሕዝቡ በላይ ከፍ አድርገው፣ "ከቤቱ ያስገባት፣ እሳት የሰጣት፣ ውሃ ያቀበላት ውግዝ ይሁን!" ብለው ገዘቱ። በአገሩ ሕግ ግዝትን የሚፈታው የገዘተው ቄስ ራሱ ነው። ፈንታነሽ በአንድ ወገን የልጇ መሐላ፣ በሌላ ወገን የባሏ ግዝት፣ መሀል ላይ ቀረች። ወዮ ፈንታነሽ! ለማን ትንገር? የንስሐ አባቷም እኮ ያው መምሬ ናቸው!

ክረምቱ መከራውን ይዞ መጣ። በሬዎቹን ወታደር ነዳቸው፤ ገብሱን በረዶ መታው። መምሬ ስለ ኢዮብ አስተማሩ። በኅዳር ካፒቴኑ ወደ ሌላ አገር ተዛወረና ሳል የያዛትን ዘነበችን ከደጅ ጣላት። አንስታ ያስጠለለቻት ከገበያው ዳር ጨው የምትሸጥ ሙስሊሟ ሩቅያ ነበረች። ሩቅያ አንድ ቅዳሜ ሱቋን ዘግታ፣ ያንን ዳገት እያለከለከች ወጣች።

"መምሬ፣ ልጅዎ ደም ትተፋለች። ይምጡና ያንሷት።"

"ልጅ የለኝም።"

"እንግዲህ ያቺ የሌለችው ልጅዎ ስታቃዥ 'አባዬ፣ አባዬ' እያለች ጎረቤት አስቸገረች።"

መምሬ እሺ ሊሉ ነበር... ወዲያው የሕዝቡ ዐይን ታያቸው። "ንስሐ ከፈለገች ወጉን ታውቃለች። ድንጋይ በጫንቃዋ ተሸክማ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ትውደቅ። ሕዝብ ፊት የበደለች ሕዝብ ፊት ትታረቅ።"

ፈንታነሽ ከምሰሶው ሥር ተነሣች። "መምሬ፣ ያ ልጁ የጠፋበት አባት ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጦ አቀፈው ብለው አልነበረም ያስተማሩን? ድንጋይ ተሸከም ያለው በየትኛው ምዕራፍ ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ ወንጌል ልታስተምሪኝ ነው?"

"ምን አውቄ! ካንቱ የሰማሁትን ነው እንጂ።"

ሩቅያም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። "መጽሐፍዎን አላነብም። በሽተኛ ድንጋይ ይሸከም የሚል ከሆነ ግን ደግመው ቢያዩት ይሻላል" አለች ከደጅ ሆና።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል መምሬ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው ሊወጡ ሲሉ ፈንታነሽ የበሩ ደፍ ላይ ተደፋችባቸው። መሐላዋን አፈረሰች። ካፒቴኑን፣ አስተርጓሚውን፣ ሃያ አንዱን ቀን፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። መምሬ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሉት ቃል አጡ።

"ይሂዱ፣ ይፍቷት! አሁኑኑ!"

በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ። ሌሎቹ ቄሶች በረሃ ገብተው በደብሩ የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። "ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቀድሼ እንደወጣሁ እሮጣለሁ" አሉ መምሬ። እኚሁ ሰው አልነበሩም ወይ፣ የተቀያየመ ሰው መባውን ከመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ ብለው ስንቱን ባላጋራ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የመለሱት? አፋቸው ያንን ቃል ሺህ ጊዜ ብሎታል። እግራቸው ግን አንድም ቀን አልሰማውም ነበርና፣ ወደ ደወሉ ወሰዳቸው።

ዘነበች ግን የአባቷን ቃል ከሩቅያ ሰምታ መንገድ ላይ ነበረች። ድንጋዩን በጫንቃዋ አድርጋ ዳገቱን ትወጣለች፤ ሩቅያ ከጎኗ "እስቲ ለእኔ ስጪኝ፣ ማን ያያል?" ትላለች። "ተይ ሩቅያ፤ አባዬ ያለው እኔን ነው" ትላለች እየሳለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ከቅጥሩ በር ደርሳ ከነድንጋዩ ወደቀች።

"ውሃ..." አለች።

በደጀ ሰላሙ የቆሙት ሴቶች ሁሉ ሰሙ። ከመካከላቸው እቴነሽ ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ ነበር፤ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጨካኞች እንዳይመስሏችሁ! ይህችን ልጅ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ ናቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው እያለቀሱ ቆሙ። ግዝት ነዋ! ባሏን ተከትላ የመጣችው ፈንታነሽ ከእቴነሽ እጅ ቅሉን ነጥቃ ሮጠች፤ ዘነበች ግን ፊቷን አዞረች።

"ተይ እማዬ... አንቺም ትወገዣለሽ። መጀመሪያ አባዬ ይፍታኝ።"

ፈንታነሽ ቅሉን ጥላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር በረረች። "መምሬ! ከደጅ ናት! ይፍቱ! ስለ እመቤታችን ይፍቱ!"

መምሬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ሰሟት። ድምፁን እንዴት ይስቱት፣ ሠላሳ ዓመት አብረውት ኖረዋል! አንዲት ቃል፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ... ግን መሥዋዕቱ ቀርቧል፤ ከዚህ ወዲያ ካህን አይወጣም። እንባቸው በልብሰ ተክህኗቸው ላይ እየወረደ ቅዳሴውን ቀጠሉ።

ከደጅ ሩቅያ ከቅሉ የተረፈውን አንስታ የዘነበችን ራስ ደገፈች። "የእነሱ ግዝት እኔን አይዘኝም፤ ጠጪ ልጄ" አለቻት። ዘነበች ሁለት ጊዜ ጎነጨች።

"አለቀ?"

"ምኑ?"

"ቅዳሴው።"

"አለቀ የኔ እናት። ይኸው እየመጡ ነው" አለች ሩቅያ። አላለቀም ነበር።

ሲያልቅ መምሬ ከነልብሰ ተክህኗቸው፣ ባዶ እግራቸውን ሮጠው ወጡ። "እግዚአብሔር ይፍታሽ! እግዚአብሔር ይፍታሽ! ልጄ ዘነቡ፣ ይፍታሽ!" ሕዝቡ ያን ጊዜ ከግዝቱ ተፈታ፤ ከየአቅጣጫው ቅልና ዋንጫ ይዞ ተሯሯጠ። ለማን? የዘነበችን ዐይን ሩቅያ ከከደነችው ቆይታለች።

አርባዋ ሳይወጣ እቴነሽ ወደ መምሬ ቤት መጣች። ከእግራቸው ሥር ወድቃ፣ "አባቴ፣ ለተጠማ ውሃ ከልክያለሁ። ቀኖና ይስጡኝ" አለች። በማግስቱ ሌላዋ መጣች፤ ከዚያም ሌላዋ። ሁሉም ያንኑ አንድ ኃጢአት ይዘው ይመጣሉ፤ ሁሉም ከዚያው ቄስ ፊት ይንበረከካሉ። ፈንታነሽ ከጓዳ ሆና ትሰማለች፤ አንድም ቀን አልወቀሰቻቸውም። ምነው በወቀሰቻቸው! "ሂጂ ልጄ" ይላሉ በመጨረሻ፤ "የኔ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።" ሴቶቹ ግን ሳይቀልላቸው ይመለሳሉ።

ምን ዓይነት ዕጣ ነው፣ ቃሉን ከሰው አፍ ላይ አስቀምጦ እጁን ባዶ የሚተው? ወንጌሉን ያልሰማ ቢስት ይሰማ ይባላል። ሲያሰማ የኖረውን ማን ያሰማዋል? አሁንም ቅዳሴ በደረሰ ቁጥር መምሬ ከመጋረጃው ጀርባ ጆሯቸውን ወደ ደጅ አዘንብለው ይቆማሉ ይባላል። ከደጅ ግን ማንም አይጣራም።