ሁለት ትርፍ ወንበር

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በድስት ግብዣ ላይ ወንበር አትረፍርፎ መደርደር በጥብቅ የተከለከለ ነው። ቤቷ ውስጥ ድስት የምትሸጥ ሴት ጥቂት ወንበር ሳሎን ታስቀምጣለች፤ የቀረውን ዕቃ ቤት ትደብቃለች። እንግዳ ሲጨናነቅ «ወይ ጉዴ! ይሄን ያህል ትመጣላችሁ ብዬ መች አሰብኩ!» እያለች አንድ በአንድ ታወጣለች። መቀመጫ ያጣ እንግዳ ድስቱም እንዳያልቅበት ይሰጋል፤ ባዶ ወንበር ያየ ግን ቦርሳውን ይዘጋል። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ ባል በግብዣው ሰዓት ከቤት ይውጣ ይላል። ባል ካለ «ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርማ።

እነዚህን ደንቦች በሰፈሩ ውስጥ እንደ እትዬ ክዳን ያከበረ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ክዳን ወደ ታችኛው ዕቃ ቤት በሚያስወርደው ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኘች። ሁለት ታጣፊ ወንበሮች አጠገቧ ተጋድመዋል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሳጅኑ ጉዳዩን ጨርሶ እጁን እያፋተገ ነበር። ይህችን መርማሪ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆንኩ ነው ብላ ታምናለች፤ የተወጉት ግን ሌላ ምክንያት አላቸው።

«መጀመሪያ ወንበር ስታመጣ አዳልጧት ነው ብለን ነበር» አለ ሳጅኑ። «ግን የሸሚዟ ቁልፎች ተበጥሰው እላይ፣ ኮሪደሩ ላይ ተገኙ። ሰው አንቆ ይዞ ገፍትሯታል። ገፍታሪዋንም ይዤልሻለሁ፤ ጎረቤቷ ናት፣ ልብስ ሰፊዋ። እሷም ድስት ትሸጣለች። በዚያው ሰዓት ሽንት ቤት ብላ ከሳሎን ወጥታ ነበር።»

መርፌ ወደ ዕቃ ቤቱ ወረደች። ወንበሮቹ የቆዩ ናቸው፤ ስትነካቸው ጣቷ በዝገት ቀላ። የሟቿን መዳፍ ገልጣ አየች፤ ንጹህ ነው። ቀና ብላ ወደ ሳሎን ወጣች። ስድስት ወንበር ተደርድሯል። ከእንግዳ ግን ሰፊዋና አንዲት ጥርስ ሐኪም ብቻ ናቸው የተቀመጡት።

«ሌሎቹ ሸሹ?» ስትል ጠየቀች።

«ማን መጣና ይሸሻል!» አለች የሟች ታናሽ እህት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ። «እታለም ሰፈሩን ሁሉ ጠርታ ነበር። የጠራቻቸው ሲቀሩባት ጊዜ ሙዚቃውን ከፍ አደረገችና ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደር ወጣች። እኔ ከዶክተሯ አጠገብ አልተነሳሁም፤ ባዶውን ሳሎን ልብ እንዳትል ወሬ ሳበዛባት ነበር።»

«ልብ ብያለሁ» አለች ጥርስ ሐኪሟ።

በዚህ መሃል ኮሪደሩ ላይ የተገኘው የሟች ስልክ ጠራ። መርፌ አነሳችው። በወዲያኛው ጫፍ ያለችው ደንበኛ ያነሳው ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ ተንጣጣች፦ «ምነው ስልኩ ተቋረጠ? ‹የኔ ማር፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ያላንቺ አይደምቅም› እያልሽኝ እኮ ነበር! ግብዣው ተዛውሯል ብላ ሰፊዋ ደውላልኝ ነው የቀረሁት።»

መርፌ ስልኩን ዘግታ ሰፊዋን ወደ ኩሽና ጠራቻት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው» አለች ኩሽና ውስጥ ለብቻቸው ሲሆኑ። «ለሁሉም ደወልኩ። ሐኪሟ ስልኳን ቀይራ አመለጠችኝ።»

«ለምን?»

«ድስት ያስያዝኳት እኔ! ስትጠሪ ‹ከተመቸሽ› አትበዪ፣ ‹ቦታ ይዤልሻለሁ› በዪ ብዬ ያስተማርኳት እኔ! ደንበኞቼን ለቃቅማ ወሰደችና፣ ይባስ ብላ እኔኑ እንግዳ አድርጋ ትጠራኛለች። በባዶ ሳሎን ስትቁለጨለጭ ላያት መጣሁ። አየኋት፤ አንጀቴ ራሰ። ቆይታ ቆይታ እንድትናደድልኝ ነበር የምፈልገው እንጂ እንድትሞትማ ምን ይጠቅመኛል? አሁን በማን ልቅና? የኔ እህት፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት። ካሰራችሁኝ ማን ያገላብጣታል?»

መርፌ አላጽናናቻትም። ማጽናናት አትችልበትም። ባልየውን ፍለጋ ወጣች።

ባልየው ሰዓት ሠሪ ነው፤ በጓሮ በር ደጃፍ ተቀምጧል። ጸጉሩ የተበጠረ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ፍንክች የማይል ሰው ነው። የግራ እጅጌው አንጓው ላይ በወጉ ተቆልፏል፤ የቀኙ ግን እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል።

«የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ሱቄ። በግብዣ ቀን ከቤቴ እባረራለሁ። ድመቷ ትቀራለች፣ እኔ እወጣለሁ።»

«ወርደው አዩዋት?»

«ሳጅኑ መች አስወርዶኝ! ከላይ ሆኜ ነው ያየኋት። የሚገርመኝ፣ ሳሎኑ በሴት ጢም ብሎ እያለ እንዴት አንዷ እንኳ ሳትሰማ ትቀራለች?»

መርፌ «እኔም ይገርመኛል» ብላ ሁሉንም ወደ ሳሎን ጠራች።

ስድስቱ ወንበሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ያዙ። ሳጅኑ የእጅ ብረቱን እያንሿሿ ሰፊዋ አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ ክዳን ወንበር አልያዘችም» ስትል ጀመረች መርፌ። «ወንበሮቹ ዝገታቸው ይለቃል፤ መዳፏ ግን ንጹህ ነው። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ሌላ ሰው ነው አጠገቧ ያጋደማቸው፤ ወንበር ስታመጣ ወደቀች እንዲባል።»

«ይህቺው ናታ!» አለ ሳጅኑ።

«እዚህ ሳሎን ግማሹ ወንበር ባዶውን ቆሞ ሳለ? የድስት ግብዣ የምታውቅ ሴት ባዶ ወንበር ላይ ወንበር አትጨምርም። ሰፊዋ ደግሞ ሳሎኑን ባዶ ያደረገችው ራሷ ናት። እህትም ሐኪሟም ባዶነቱን በዓይናቸው አይተዋል። ወንበሮቹን ያጋደመው ሳሎኑ ሞልቷል ብሎ ያመነ ሰው ነው። ሙዚቃውን ሰምቷል፣ ሳሎኑን አላየም። በጓሮ ገብቶ በጓሮ ወጥቷል።» ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች። «ቅድም ‹በሴት ጢም ብሎ› አሉኝ። ማን ነገረዎት?»

«ሁልጊዜ ይሞላል» አለ ሰውየው።

«ዛሬ አልሞላም። እስቲ እጅጌዎን ያውርዱልኝ።»

አላወረደም። ሳጅኑ ተነስቶ ራሱ ፈታው። ነጩ የእጅጌ ጫፍ ላይ ቀይ ዝገት ከዳር እዳር ተጋድሟል።

«ታች አልወረድኩም ብለውኛል» አለች መርፌ።

ሳጅኑ ብረቱን ከሰፊዋ ወዲያ አራቀው። ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ እስክታገኝ እንኳ አልጠበቀችም፤ በባዶ እግሯ ወደ እናቷ ሮጠች።

«ለምን?» አለች እህትየው፣ ሰዓት ሠሪው ፊት ቆማ። «ጠጥተህ አታውቅ! እጅህን አንስተህባት አታውቅ! ሌላ ወንድ አላት ብለህ ነው? ከደንበኛ ጋር እኮ ነበር የምታወራው!»

«አውቃለሁ» አለ።

«ታዲያ ‹የኔ ማር፣ ቦታ ይዤልሻለሁ› ስትል ሰሟት?» ብላ ጠየቀች መርፌ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለእርስዎ እንዲህ ብላዎት ታውቃለች?»

ሰዓት ሠሪው ሁለቱን እጆቹን ለሳጅኑ ዘረጋ።

«ገደልኳት፤ ውሰዱኝ» አለ። «ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልናገርም።»