የመሰላሉ እግር

መምህር አስገዶም ሰሌዳው ላይ ግድግዳ ሣሉና የአምስት ሜትር መሰላል አስደገፉበት። የመሰላሉን እግር ከግድግዳው ሦስት ሜትር አራቁት። ከመሬቱ ጋር የስንት ዲግሪ ማዕዘን እንደሚፈጥር ሲጠይቁ ምብራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መሰላል ማየት ካስጠላት ሁለት ወር ሊሆናት ነው።

አባቷ እሸቴ ክረምት ሳይገባ እሪ በከንቱ ሰፈር ያለውን የቤታቸውን ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ መሰላሉ ተንሸራተተ። ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ ዋለ። መሰላሉን ይዞለት የነበረው የጎረቤት ልጅ ኢስማኤል ነው። ስልኩ ሲጠራ ለቀቀው ተባለ፤ ስልኬን አልነካሁም ብሎ ቢምል ቢገዘት ማን ይስማው። እናቱ ለበሽተኛው ሾርባ ይዘው ሲመጡ የምብራት እናት ከደጅ መለሰቻቸው። የግቢው ሰው ወሬ አላስቀምጥ ስላለው፣ ኢስማኤል እሁድ ወልቂጤ አጎቱ ዘንድ ሊላክ ነው።

መምህሩ ሦስትን ለአምስት አካፍለው የማዕዘኑን ኮሳይን ዜሮ ነጥብ ስድስት አገኙ። ማዕዘኑ ሃምሳ ሦስት ዲግሪ ግድም ሆነ።

«ይሄ መሰላል ተኝቷል» አሉ። «እግሩ ከግድግዳው ከአንድ ሜትር ከሩብ ብዙ መራቅ አልነበረበትም። እንዲህ ከተኛ ሰው ሲወጣበት ወደ ኋላ ይሸሻል። ከሥር ሰው ቢይዘውም ላያስቆመው ይችላል።»

ምብራት አባቷ የወደቀበትን ቀን አስታወሰች። የዚያን ቅዳሜ የሰኞ ዩኒፎርሟን አጥባ ግድግዳው አጠገብ ባለው የጋራ ገመድ ላይ አስጥታ ነበር። አባቷ ምስማር ሊያመጣ ሲገባ፣ ኢስማኤልም ዞር ባለበት፣ የመሰላሉ ዝገት ልብሷን እንዳይነካባት እግሩን ጎትታ ከገመዱ ወዲያ አወጣችው። መሰላሉ ከገመዱ በላይ አለፈ፤ ዩኒፎርሟም ንጹሕ ሆኖ ቀረ። አባቷ ዝናቡ ሳይደርስ ልጨርስ ብሎ ተጣድፎ ወጣ። እሷን ያያት የለም።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የአባቷን ሜትር ከዕቃ ሳጥኑ አወጣች። የመሰላሉ እግር ሲሚንቶውን የጫረበት ነጭ መስመር እስካሁን አልጠፋም። ከግድግዳው እስከ መስመሩ መጀመሪያ ለካች። ሁለት ሜትር ከዘጠና። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። የአባቷም መሰላል እንደ ሰሌዳው መሰላል አምስት ሜትር ነው።

ኢስማኤል ባልዲ ይዞ ከቧንቧው ሲመጣ አያት።

«ደሞ ምን ልታሳብቢብኝ ነው?»

«እውነት እሁድ ትሄዳለህ?»

«አቦ ተይኝ፣ ምብሬ።» ባልዲውን አስቀመጠ። «ሁሉም ለቀቅክ ሲለኝ፣ እኔም ለቅቄው ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬያለሁ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ብትናገር አባቷ ክራንቹን ባነሳ ቁጥር የሚያየው እሷን ነው። ፈራች፤ ከልቧ ፈራች። ደብተሯን ከፍታ ግድግዳውን፣ መሬቱንና መሰላሉን ሣለች፤ ከሥር የለካችውን ቁጥር ጻፈች።

«ና፣ ግባ» አለችው።

አባቷ ኢስማኤልን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምብራት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ደብተሩን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋችው።

«አባዬ፣ ኢስማኤል አልለቀቀም።» ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ ፊቱን እስኪመልስ ጠበቀች። «እግሩን እዚህ ድረስ ያራቅኩት እኔ ነኝ።»