የአብሾው ቤት

የታመመን የልጅ አእምሮ በመጠጥ አድናለሁ የሚል ሰው ገዳይ ነው። ገዳይነቱን ባያውቀው እንኳ ገዳይ ነው። ይህን በስብከት አላስረዳችሁም፤ ባየሁት አስረዳችኋለሁ።

የምጽፈው ተረት አይደለም። ከሰው የሰማሁትም አይደለም። በእነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት ነው።

ዕለቱ ሐሙስ፣ ሰኔ ፬ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ስፍራው ከዳንግላ ከተማ ወጣ ያለ አንድ የሣር ቤት።

ጨለማ ነበር ብላችሁ አትገምቱ። ቀን ነበር...

በዚያ ዘመን የስምንተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርሁ። ከተማሪዎቼ አንዱ ደርበው ይባላል፤ የአገው ገበሬ ልጅ፣ ዕድሜው ዐሥራ ስድስት። ባለፈው ክረምት እናቱ ከሞተች ወዲህ እንቅልፍ አጥቷል። እህል አይቀምስም። ጥግ ይዞ ለብቻው በአገውኛ ያወራል።

ይህ ሕመም ነው። እኔ ግን፣ የተማርሁት ሰውዬ፣ ስንፍና መሰለኝ።

«ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶታል። እንዲህ እንደ ፈዘዝህ ትወድቃለህ!» አልሁት በጓደኞቹ ፊት።

ልጁ አላለቀሰም።

«የማያስወድቅ ሰው አለ ይላሉ፣ ጋሼ» አለኝ ብቻ።

የተባለው ሰው ገብረ ማርያም የሚሉት ደብተራ ነበር። ከደብሩ ተባርሮ ከከተማው ወጣ ብሎ ተቀምጧል። ፈተና የፈሩ ልጆችን በድብቅ አብሾ ያጠጣል።

አብሾን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ልንገረው፦ ከአስተናግር ፍሬ የሚዘጋጅ መርዝ ነው። የጠጣው ሰው የሰማውን ሁሉ አይረሳም ይባላል። በላዩ አረቄ የቀመሰ እንደሆነ ግን ያብዳል።

ደርበው ሄዶ ጠጣ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነ። የጂኦግራፊውን ደብተር ከዳር እስከ ዳር በቃሉ አለው።

ለብቻው ማውራቱ ግን አልቀረም። እንዲያውም ባሰ። እጁ ይንቀጠቀጣል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ ጥቁር ጉድጓድ መስሏል...

የደነገጠ ሰው አልነበረም። «አብሾ ጠጥቶ ነው፤ ሊቅ ሊወጣው ነው!» ይላሉ በኩራት። ሕመሙ ሁሉ የዕውቀት ምልክት ሆኖ ተቈጠረለት። እኔም አጨበጨብሁለት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ጧት ወንዞችን እንዲዘረዝር አስነሣሁት።

ዘረዘረ። ከዘረዘረ በኋላ ግን አላቆመም...

«ይህን ልጅ ለብቻው ባናግረው ይሻል ነበር» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም።

ያን ቃል ጧት ፊቴን ስታጠብ፣ በቤቴ ውስጥ፣ ለራሴ ነበር ያልሁት።

ድምፁም የእኔ ነበር።

ብዙ ሳይቈይ አዝመራውና ነጋ የሚባሉ ሁለት የክፍል ጓደኞቹ አብሾ በመጠጣት ተከተሉት። ሦስቱም አረቄ አረቄ ይሸቱ ጀመር። አዝመራውን ይዤ ጠየቅሁት።

«ማን ሰጣችሁ?»

«መሪጌታ ገብረ ማርያም ናቸው» አለ በሹክሹክታ። «ደርበው እናቱ ትታየዋለች። አረቄ ሲጠጣ ትሄድለታለች።»

«እናንተስ?»

ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ። ከኋላው ማንም አልነበረም።

«አሁን... ለእኛም ትታየናለች፣ ጋሼ።»

በማግሥቱ ሦስቱም ቀሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ያ ሐሙስ ነው፣ የደርበው አባት አቶ ቢሻው ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ።

«መምህር፣ ልጄ እርስዎ ዘንድ ነው?»

«ቤት አልመጣም?»

ተያየን። ወደ ገብረ ማርያም ቤት አብረን ወጣን።

መንገዱን ጉም ሞልቶት ነበር። ከኛ በቀር የሚሄድ ሰው የለም። ሽማግሌው ድንገት ቆሙ።

«አንድ ነገር አንቆኛል፣ መምህር። እናቱ ነፍሷ ስትወጣ ‹ደርበውን አምጡልኝ› ብላ ነበር። ልጁ ይተኛ ብዬ አልቀሰቀስሁትም።»

«እሱ ያውቃል?»

«ለማንም አልተነፈስሁም። እንዳይነግሩብኝ።»

«አልነግርም» አልሁ።

ገብረ ማርያም ደጃፉ ላይ ዋንጫ ይዞ ቆሞ ነበር። እየሳቀ ተቀበለን።

«ኧረ አስተማሪው! አንተ በዓመት ያላስገባኸውን እኔ በአንድ ዋንጫ አስገባሁት፤ ምስጋና ይዘህ መጣህ?»

«አንተ ርኩስ! ልጆቹ የታሉ?»

«ቀስ በል። እየተማሩ ነው።»

ገፍትሬው ገባሁ።

ሦስቱ ልጆች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተንበርክከዋል። በሩን ስንከፍት አልዞሩም። በመካከላቸው ባዶ ጠርሙስ ወድቋል።

ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሦስት አፍ... አንድ ድምፅ።

ቀረብ ብዬ ሰማሁ።

«...ደርበውን አምጡልኝ ብላ ነበር። ልጁ ይተኛ ብዬ አልቀሰቀስሁትም... ለማንም አልተነፈስሁም... እንዳይነግሩብኝ...»

የአቶ ቢሻው ድምፅ ነበር። አቶ ቢሻው ግን ከጐኔ አፋቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አልነግርም» አሉ ልጆቹ። በእኔ ድምፅ።

ያን ቃል የተነጋገርነው ከቤቱ ገና ግማሽ ሰዓት ያህል ርቀን ሳለን ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ቀስ ብሎ ዞረ። ደርበው ነው። ፊቱ ከስቶ ዐይኑ ብቻ ቀርቷል።

«አባባ... ለምን አልቀሰቀስኸኝም?»

ይህ የራሱ ድምፅ ነበር። አባቱ እግሩ ሥር ወደቁ። «በድዬሃለሁ ልጄ፤ በድዬሃለሁ» እያሉ አቀፉት። ልጁም ደረታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያኔ ብቻ ተስፋ አደረግሁ።

ሌሎቹ ሁለቱ ግን አልዞሩም። በአገውኛ ጀመሩ። የደከመች ሴት ድምፅ...

አገውኛ አላውቅም። «ምን ይላሉ?» አልሁ።

ሽማግሌው የልጃቸውን ጆሮ በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«አይጠይቁኝ» አሉ። «እሷ ናት።»

ዋንጫው ከገብረ ማርያም እጅ ወደቀ። ሳቁ ጠፍቷል።

«ይህን... ይህን እኔ አላስተማርኋቸውም» አለ።

ደርበውን በፈረስ፣ ሁለቱን በጎረቤት ሰዎች ሸክም ወደ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። አካሚው ድሬሰር የቻለውን አደረገ። ነጋ ግን በማግሥቱ አረፈ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። አዝመራው ዳነ ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እኔን ባየ ቍጥር ግን መንገድ ይለውጣል።

ደርበው ክረምቱን በጠበልና በሕክምና አሳለፈ። አባቱ በየሌሊቱ አጠገቡ እየተኙ፣ ከእንቅልፉ ባነነ ቍጥር አብረውት ይነሡ ነበር። ለፈተና አልተቀመጠም። አእምሮው ግን ተመለሰለት። ከዚህ ሁሉ ያየሁት በጎ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ገብረ ማርያም ተይዞ ለፍርድ ቀረበ። ነፍስ በማጥፋት ዐሥራ ሁለት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት። አልተከራከረም። ብቻውን እንዲያስሩት ብቻ ለመነ፤ የሚያወራ ሰው በሌለበት። ልመናው ተፈጸመለት።

የቀረውን ብቻ ከዘበኛው አፍ ሰማሁ፦ በአራተኛው ወር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ያመጣለት ዘበኛ ሞቶ አገኘው። በሰውነቱ ላይ ቍስል የለም።

ሁለት መዳፎቹን በጆሮዎቹ ላይ አጥብቆ ጭኗል። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ሊያላቅቋቸው ታገሉ፤ አልቻሉም።

እንደዚያው ሆኖ ተቀበረ...