ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብላ

እግር መሣል የማይችል ሰዓሊ ወደድኩ። ይህን ያህል ጣጣ ያመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

እኔ ጽሑፉን፣ እሱ ሥዕሉን እየሠራን ለአጎቴ ማተሚያ ቤት በሥዕል የሚተረክ ልብ ወለድ እናዘጋጅ ነበር። ታሪኩ በአንድ የአስማት አዳሪ ትምህርት ቤት የሚማሩ የሁለት ልጆች ፍቅር ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ያፈቀረ ተማሪ እግሩ ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ይላል። ተቆጣጣሪዋ በየጠዋቱ ሁሉንም አሰልፋ በእግራቸው ሥር መጥረጊያ ታሳልፋለች። መጥረጊያው ሳይደናቀፍ ካለፈ ጉዱ ፈላ፤ ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ይላካል። ስለዚህ ልጅቷን የወደደው ልጅ ሽቅብ እንዳይነሳ ኪሱን ድንጋይ ሞልቶ ይሰለፋል።

ይህን ሁሉ አስቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እግር እንደማይሆንለት ማን ነገረኝ? ፊት ሲሥልማ ምን ይወጣለታል! እግር ላይ ሲደርስ ግን ሣር ያበቅላል፣ ሳጥን ይደረድራል፣ ሁሉም ሲያልቅበት ጭጋግ ይለቅበታል። እኔም «ጭጋጉ» ብዬ ስም አወጣሁለት።

«መኝታ ክፍል ውስጥ ጭጋግ ከየት መጣ?» እለዋለሁ።

«አስማት አይደል እንዴ የሚማሩት?» መልስ አያጣም።

ስምንት ወር በአንድ ጠረጴዛ ሠራን። ከታች ያለው የማተሚያ ማሽን በተነሳ ቁጥር ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ መስመሩ እንዳይበላሽበት እርሳሱን ያነሳና ማሽኑ እስኪቆም እኔን ያየኛል። ማሽኑን እየወደድኩት መጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ከሰኞ ጀምሮ እንደቀጠረው ነገረኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩት።

«ጥሩ ነው?»

«ደመወዙ ጥሩ ከሆነ ምን ችግር አለው?»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ዓርብ ጠዋት የቀረን ልጅቷ በሩ ላይ የምትታይበት የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነበር። አጎቴ አንገቱን በበሩ አስገባ።

«እናንተ ልጆች፣ ማሽኑ እናንተን እየጠበቀ ነው። ከምሳ በፊት ገጹን እፈልጋለሁ። ደግሞ አደራ፣ ጭጋግ የሚባል ነገር እንዳላይ! ልጅቷ ትወደው እንደሆን አንባቢው እግሯን አይቶ ይወቅ።»

ሰዓሊው ራሱን አከከ። «እያየሁ ካልሆነ አልችልም» አለ።

ጫማዬን አወለቅኩና መስኮቱ አጠገብ ቆምኩለት።

«ጣቶችሽን አታንቀሳቅሺ።»

«ወለሉ ይቀዘቅዛላ!»

«ትንሽ ቻይኝ፣ በሞቴ።»

ሣለ፣ አጠፋ፣ እንደገና ሣለ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆምኩ በኋላ ጠራኝ። አቤት፣ እግር ሆኗል! ጠማማዋ ትንሽ ጣቴ እንኳ አልቀረችም። ነገር ግን ልጅቷ ወለሉን ግጥም አድርጋ ረግጣለች።

«ቆማለች እኮ» አልኩ።

«አንቺ የጻፍሽው በሩ ላይ ቆመች ብለሽ ነው።»

«እና አትወደውም ማለት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ፣ እርሳሱን እየቀረጸ፣ ቀና ሳይል። «ስምንት ወር ሙሉ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሰለፍላት አንድ ቀን ምንም አላለችውም። ልሄድ ነው ሲላትም ‹ጥሩ ነው› ነው ያለችው።»

በመጽሐፉ ውስጥ ልጅቷ «ጥሩ ነው» ያለችበት ገጽ የለም። ማሽኑ ቢነሳልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ ከታች ምንም ድምፅ የለም።

ላጲሱን አነሳሁ።

«ኧረ ምን ልታደርጊ ነው? እነዚያን እግሮች እንዳትነኪብኝ!»

እግሮቹን አልነካሁም። ከሥራቸው ያለውን ወለል አጠፋሁና ዝቅ አድርጌ ሌላ አሰመርኩ። ያለ ማስመሪያ ስላሰመርኩት መስመሩ ተንጋደደ። ልጅቷ ግን አየር ላይ ቀረች።

ሰዓሊው ሥዕሉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ማሽኑ ሳይነሳ ያን ያህል አይቶኝ አያውቅም።

«ይሄ የልጅቷ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ያንቺስ?»

«የኔማ መሬት ከለቀቀ ስንት ጊዜው! እወድሃለሁ እኮ። አትሂድብኝ።»

አፉን ከፍቶ ሳይመልስልኝ አጎቴ ገባ። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ተመለከተ፣ ባዶ እግሬንም ተመለከተ። «ወለሉ ትንሽ ተንጋዷል፤ ግድ የለም» አለና ገጹን ይዞ ሲወርድ «አንቺ ደግሞ ጫማሽን አድርጊ፣ ብርድ ይመታሻል!» ሲል ሰማሁት።

ሰዓሊው ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ሁለት እርምጃ እንኳ ራቅ አላለም።

«ጤና ይስጥልኝ። ሰኞ እንደማልመጣ ልነግርዎት ነው… አይ፣ ደመወዙማ ጥሩ ነው… ኧረ ደህና ነኝ፣ አላመመኝም።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ፤ በመጨረሻም ሣቀ።

«አዎ» አለ እኔን እያየ። «ያቺ የነገርኩዎት ልጅ ናት። አሁን ገና ነገረችኝ።»