ከግንቡ የወጣው ታቦት

«ይሄን ግንብ ማን አሠራው ነው ያልከኝ?» አለ አወቀ።

መልሱን ያውቃል። እየፈተነው ነው።

«አንዲት እቴጌ ናት ይባላል» አለ መዝሙር ተረጋግቶ። «የበሩና የመስኮቱ ክፈፍ ቀይ ድንጋይ፣ ሌላው ጥቁር፣ ማያያዣው ኖራ። ደረጃው በማማው ውስጥ እየዞረ ወደ ውጭ ይወርድ ነበር። ጣሊያን ሲገባ የደረጃውን በር በሲሚንቶ ደፈነው። ያው ዛሬ ውሃ ከጀርባው እየታቆረ ኖራውን በልቶት፣ ግድግዳው ሆዱ ተነፍቷል።»

«ጎበዝ» አለ አወቀ።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ያለው ይህ ፍርስራሽ አንድ መውጫ ብቻ ነው የቀረው። አወቀ የመረጠውም ለዚያ ነው። ለእሱ መዝሙር ማለት «አቶ ክንዱ» ነው፤ ለውጭ ሰዎች ጥንታዊ ዕቃ የሚገዛ አርክቴክት። የላከው የደኅንነት ቢሮ ደግሞ በምስጢር ስሙ «ኖራ» ይለዋል። ሥራው አንድ ነው፤ ከመካነ ብርሃን አጠገብ ካለች ደብር የተሰረቀውን ታቦት ድንበር ሳይሻገር መመለስ። ታቦቱ ከጠፋ ወዲህ ደብሯ ተዘግታለች። ቅዳሴ የለ፣ ጥምቀት የለ፤ አገሩ በሙሉ ሐዘን ተቀምጧል።

ከውጭ የሐምሌ ዝናብ ይወርዳል። ባልደረባው መልካሙ መኪና ውስጥ ነው። ፒያሳ ካፌ ተቀምጠው የተስማሙት ቀላል ነበር፤ መዝሙር ዕቃውን አይቶ «ሸጋ ነው» ይላል፣ መልካሙ በተከፈተው ስልክ ይሰማል፣ ፖሊሶቹን ይዞ ይገባል።

አወቀ ታቦቱ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ገፈፈው። መዝሙር ዓይኑን ሰበረ።

«እንካ፣ አገላብጠህ እየው።»

እጁ አልታዘዝ አለው።

የቄስ ልጅ ነው፤ ራሱም በልጅነቱ የደቆነ። ታቦት የሚነካው ቄስ ነው። ዲያቆን እንኳ አይነካውም። ይሄን ከሰው አጥንት ውስጥ የሚያወጣ ምን ሥልጠና አለ? ገዢ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ ዕቃውን ሳይነካ አይገዛም። ወይ ጣጣ!

«ሸጋ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ማንም አልገባም።

«ሳትነካው በምን አወቅህ?» አወቀ ፈገግ አለ። «ዲያቆን ነው፣ እጁን አይዘረጋም ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩት።»

«ማነው ያለህ?»

መልካሙ ገባ። ብቻውን። ሽጉጡን ደግኖ።

መዝሙር ፊቱን ወደ እሱ አዞረ። የዚህን ሰው ልጅ ክርስትና ያነሳው እሱ ነው።

«ምነው አበልጄ?»

«ከእሱ ጋር ገብቼበታለሁ። አሁን መውጫ የለኝም» አለ መልካሙ፣ ዓይኑን እያሸሸ። «አታስቸግረኝ።»

እግዚኦ ማረኝ፣ አለ መዝሙር በልቡ።

ባዶ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን አነሣ።

ከድንጋይ በላይ ከበደው። በጃኬቱ ጠቅልሎ ራሱ ላይ አደረገና የተነፋውን ግድግዳ በሙሉ ክብደቱ ረገጠው። ሲሚንቶው እንደ ቂጣ ተሰነጠቀ። ድንጋዩ ተናደ። ከአቧራው ጀርባ ደረጃው ታየ።

«ተኩስ!» አለ አወቀ።

መልካሙ አነጣጠረ። ከፊቱ ያለው ግን ታቦት የተሸከመ ሰው ነው፤ እሱም ያደገው በደብር ደጅ ነው። እጁ ወረደ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከከ። አወቀ እየተሳደበ ሽጉጡን ሊነጥቀው ዘለለበት።

መዝሙር ጨለማውን ደረጃ እየዳበሰ ሲወርድ የተኩስ ድምፅ ሰማ። አልተመለሰም።

አወቀን ፖሊሶች አዲ አርቃይ ኬላ ላይ ያዙት። መልካሙ በዚያች ጥይት ሞተ። መዝሙር ማንነቱ እንዳይታወቅ ቀብሩ ላይ እንዲቆም ቢሮው አልፈቀደለትም። የክርስትና ልጁንም አላየውም፤ ቢያየውስ ምን ይለዋል?

ታቦቱን ለደብሯ አስተዳዳሪ ለመምሬ ሐብተ ማርያም አስረከበ።

«አባ፣ ነክቼዋለሁ።»

«በጨርቁ ላይ?»

«በባዶ እጄ።»

የመምሬ እንባ ጢማቸው ላይ ወረደ።

«ጳጳሱ መጥተው ሜሮን ይቀቡታል፣ ይከብራል። አንተ ግን ልጄ፣ ከእንግዲህ መቅደስ አትገባም። ድቁናህ ቀርቷል።»

«አውቃለሁ አባ።»

አውቆ ነው ያደረገው። ማወቁ ግን ሐዘኑን አላቀለለለትም።

ታቦቱ የገባ ዕለት አገሩ ነቅሎ ወጣ። እልልታው ገደሉን ተሻግሮ ይሰማል። መዝሙር ጋቢውን ተከናንቦ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከማያውቁት ሰዎች መሀል ቆመ። አንዲት አሮጊት አጠገቡ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ።

«ምነው ልጄ፣ አትገባም?»

«መንገደኛ ነኝ እናቴ።»

«ይሁን። ማን እንዳመጣው አልነገሩንም» አሉ ወደ በሩ እያዩ። «ማንም ይሁን ማን፣ እግዚአብሔር ከመቅደሱ አይለየው።»

«አሜን» አለ መዝሙር። ከዚያ ወደ ደባርቅ የሚሄደው አይሱዙ ሳያመልጠው ቁልቁለቱን ወረደ።